የተማሪዎች ግንባታ ክረምት ሳያልፍበት ውጤት ሊሰጠው ይገባልን?

የስቱዲዮ መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለውይይት የማቀርበው ጉዳይ እዚህ ጎንደር የአርክቴክቸርና የአካባቢ ዲዛይን ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሚሠሯቸውን ግንባታዎች ይመለከታል። ተማሪው የነደፈውን ትንሽ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሆን የጥላ መጠለያ ወይም የእጅ መታጠቢያ፣ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞና ጭቃ አቡክቶ እንዲያቆመው ማድረግ ለሙያው ምን ያህል እንደሚጠቅም እዚህ ለምትሳተፉት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እኔ ልጠይቅ የፈለግሁት ሥራው መቼና በምን ይመዘናል የሚለውን ነው።

የትምህርት ዘመናችን መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይጀምርና ሰኔ ላይ ያበቃል። ተማሪዎች የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በዳሰሳና በንድፍ ያሳልፋሉ፤ ግንባታው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይጀመራል፤ ልስኑ ግንቦት ላይ ያልቃል፤ ሰኔ ሲገባ መምህራን ተሰብስበው ሥራውን ያያሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ውጤትም ይሰጣል። የጎንደር ዋናው ዝናብ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥል ነው። እንግዲህ ግንባታው መፈተን በሚጀምርበት ሰሞን ሠሪዎቹ ሻንጣቸውን አንሥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ ማለት ነው።

ተማሪዎች የሠሩትን አንድ መጠለያ ጥቅምት ላይ ሄጄ ተመልክቼዋለሁ። ጣሪያው አላፈሰሰም፣ ምሰሶዎቹም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ነገር ግን ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ክረምቱን በሙሉ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ሲረጭ በመክረሙ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ከፍታ የጭቃውን ልስን አጥቦ ጭዱን አራቁቶታል። ከዚያ በላይ ያለው ልስን ግን የለሳኙ የጣት ምልክት እንኳ አልጠፋበትም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጣሪያው ክፈፍ አጭር ነው፣ የድንጋይ መሠረቱም ከመሬት በላይ ብዙም አልወጣም። ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ርጭቱን ድንጋዩ ይቀበለው ነበር። ይህን ሠሪዎቹ ተማሪዎች አላዩትም፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ኮርስ ላይ ነበሩ።

በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣ የውጭ ትምህርት ቤቶችን ስመለከት የማደንቀው የሚሠሩትን ሕንፃ ውበት ብቻ አይደለም፤ ወደ ሠሩት ሥራ መመለሳቸውንም ነው። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተከታታይ ይገነባሉ። በአላባማ ክፍለ ግዛት ሳሙኤል ሞክቢና ዲ. ኬ. ሩት በ1993 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት ሩራል ስቱዲዮ የተባለው የተማሪዎች የንድፍና የግንባታ ፕሮግራም ከ2005 (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ አነስተኛ ዋጋ ያለው መኖሪያ ቤት ሲሠራ፣ አንዱ የተማሪ ቡድን የቀደመው ቡድን ከሠራው ቤት እየተማረ ቀጣዩን ያሻሽላል። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬም ገና በርሊን ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ በቡርኪና ፋሶ በተወለደባት በጋንዶ መንደር ያሠራው ትምህርት ቤት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ካለቀ በኋላ፣ ወደዚያው መንደር እየተመለሰ የመምህራን ቤቶችንና ማስፋፊያውን ጨምሮበታል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከስቱዲዮው፣ ማለትም ከንድፍና ከግንባታ ኮርሱ፣ ውጤት ግማሹ ሰኔ ላይ ቢሰጥ፣ ግማሹ ደግሞ ተማሪዎቹ ጥቅምት ላይ ተመልሰው ክረምቱ ያደረገውን መርምረው፣ የተበላሸውን ጠግነው፣ ምክንያቱንም ጽፈው ሲያቀርቡ ቢሰጥ። ምን ትላላችሁ?

ግንበኛ ከአዘዞ፦

መምህር፣ እግዜር ያክብርልን። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ እኔ ግን ችግሩ ከውጤቱ በፊት ይጀምራል ባይ ነኝ። ጭቃ ቤት የሚሠራበት የራሱ ጊዜ አለው። እኛ አገር ጤፍ ተወቅቶ አዲሱ ጭድ የሚገኘው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ ፀሐዩም ያን ጊዜ አይከዳም። አፈሩ ከጭዱ ጋር ተደባልቆ፣ ውሃ እየጠጣና በየቀኑ በእግር እየተረገጠ ሳምንትም ከዚያም በላይ መቡካት አለበት። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከማገሩም ይለቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚደረብበት፤ የማለስለሻው ልስን የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሲያጣድፉት፣ ግድግዳው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ዝናብ ይይዘዋል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ጥቅምት ላይ ሄዶ መመርመር የታወቀውን እንደገና ማወቅ ነው የሚሆነው።

ሌላው ነገር አፈሩ ነው። ከሥራው ቦታ አጠገብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ወልካ ነው። ወልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ለምርጊትም ለመሠረትም አይመችም። እኔ እፍኝ አፈር አርጥቤ እንደ ኳስ እጠቀልልና ከትከሻዬ ከፍታ ወደ መሬት እለቀዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ከተበታተነ አሸዋው በዝቷል፤ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ሳይሰነጠቅ ከቀረ ደግሞ ጭቃነቱ በዝቷልና አሸዋና ጭድ ይጠይቃል። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ግን ከመንደፉ በፊት መሠራት አለበት። የባሕር ዛፍ ምሰሶውም መሬት ከመግባቱ በፊት የተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ ወይም በድንጋይ ላይ ካልቆመ፣ ክረምቱ ቢምረው ምስጡ አይምረውም።

ደግሞም ቅር የሚለኝን ልናገር። እኛ የምንጠራው ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው። ወረቀቱ ይዘረጋልንና «ይህን እንዴት እናቁመው?» እንባላለን። ባለሙያ ገና ቦታው ሲመረጥ ቢጠራ፣ ጥር ላይ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን በአንድ ቀን ይነግራቸው ነበር።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦

የመምህርን ሐሳብ በመርሕ ደረጃ እደግፋለሁ፤ አፈጻጸሙ ግን ያሳስበኛል። የውጤታችን ግማሽ እስከ ጥቅምት ከተያዘ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባችን ይታወካል፤ ተመራቂ ከሆንን ደግሞ ሰነዳችን ሳይሟላ ይቀራል። ከሩቅ አገር የመጡ ጓደኞቼ ከተመረቁ በኋላ አንድ ግድግዳ ለማየት ወደ ጎንደር እንዲመለሱ መጠየቅ የትራንስፖርቱን ወጪ ብቻ እንኳ ብናስብ ቀላል አይደለም።

በእኔ አስተያየት የሩራል ስቱዲዮ ምሳሌ የሚያሳየው ሌላ መንገድ ነው። ከክረምት በኋላ ሥራውን የሚመረምረው ሠሪው ቡድን ሳይሆን ተከታዩ ቡድን ይሁን። በጥቅምት ስቱዲዮ የሚጀምሩት ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራቸው ባዶ ቦታ ላይ መንደፍ መሆኑ ቀርቶ፣ ባለፈው ዓመት የተሠራውን ለክተው፣ ጉዳቱን በሥዕል አስፍረው፣ መጠገን ይሁን። ይህ ከሆነ ግንበኛው ጋሼ እንዳሉት ሥራውን ታኅሣሥ ላይ ለመጀመርም ጊዜ ይተርፋል፤ ሦስት ወር በዳሰሳ ማሳለፍ አያስፈልግምና።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። በግንባታው ወቅት ወንዶቹ ድንጋይ ሲያነሡና ሲገነቡ፣ እኛ ሴቶቹ መዝገብ እንድንይዝ፣ ፎቶግራፍ እንድናነሣና ሻይ እንድናፈላ የሚደረግበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም፤ ውጤቱ ግን ቱንቢና ውሃ ልክ በእጇ ሳትይዝ የምትመረቅ አርክቴክት ነው። ሥራው በተራ እንዲዞርና ተራው በጽሑፍ እንዲለጠፍ መምህራን ከመጀመሪያው ቢወስኑ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ጥላና ብርሃን፦

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ስለ ዝናብ ነው። የአካባቢ ዲዛይን ባለሙያ እንደመሆኔ ስለ ፀሐይም ልጨምር፤ ምክንያቱም ፀሐይን ለመለካት ክረምት መጠበቅ አያሻም፣ የሚያስፈልገውም አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ነው።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በደልዳላ መሬት ላይ ብናቆም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን እኩለ ቀን ላይ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ጥላው 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይዋ በትክክል አናት ላይ ስለምትሆን ዘንጉ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ተማሪዎች ልብ የማይሉት ደግሞ፣ በጎንደር ፀሐይዋ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነውና። በ6 ሰዓት የተለካ ጥላ ሰሜንን አሳስቶ ይጠቁማል።

ይህ ለንድፍ ምን ይጠቅማል? ከመስኮቱ ራስ የሚወጣ ክፈፍ 1.2 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ታኅሣሥ ላይ በእኩለ ቀን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠላ ከተፈለገ፣ 87 ሳንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ነገር ግን በጎንደር ታኅሣሥ ላይ ማን ጥላ ይፈልጋል? ጠዋት ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ወር ነው። እንግዲያስ ሊጋረድ የሚገባው ከሁሉ በፊት የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ የበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትገባው በዚያ በኩል ነውና፤ ለዚያ ደግሞ ክፈፍ ምንም ያህል ቢረዝም አያድንም፣ ዛፍ ወይም መስኮት የሌለው ወፍራም ግድግዳ ይሻላል።

የኬሬ ስም ስለተነሣ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። የጋንዶ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያው ከሸክላው ኮርኒስ ከፍ ብሎ እንዲቆምና ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ የተደረገው አገሩ ቆላና እጅግ ሞቃት ስለሆነ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የበጋው ሌሊት ይበርዳል። ያንን ቅርጽ እንዳለ መቅዳት ጠዋት ልጆቹን ማንዘፍዘፍ ይሆናል። ከኬሬ መወሰድ ያለበት የአገሩን አየርና የአገሩን አፈር ጠንቅቆ ማወቁ ነው። ይልቁንስ በእኛ ክፍሎች የቆርቆሮው ትልቅ ችግር ድምፁ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መምህሩ ማስተማር አቁሞ ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። ከቆርቆሮው ሥር የሚዘረጋ የሸምበቆና የጭቃ ኮርኒስ ድምፁን ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚሞክር የተማሪ ፕሮጀክት ባይ በጣም ደስ ይለኛል።

ንድፍ ይቅደም፦

እኔም መምህር ነኝ፤ የተለየ አስተያየት አለኝ። በአንድ ክፍል ካሉት ብዙ ተማሪዎች መካከል ግንባታው ላይ በእውነት የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። አደጋም አለ። መሰላል ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚመታ ተማሪ ቢወድቅ ኃላፊው ማን ነው? ተማሪው የመጣው ማሰብን ሊማር እንጂ የቀን ሠራተኛ ሊሆን አይደለም። አንድ ሙሉ መጠለያ ከማቆም ይልቅ፣ በግቢ ውስጥ አንድ የግድግዳ ማዕዘን ከነመሠረቱና ከነክፈፉ በትክክለኛ መጠኑ ሠርቶ፣ ውሃ አፍስሶበት፣ አፍርሶ እንደገና መሥራት የበለጠ ያስተምራል። ማዕዘኑ ቢበላሽ የሚጎዳ ሰው የለም፤ መጠለያው ቢበላሽ ግን ትምህርት ቤቱ ይጎዳል።

የቅርስ ጥገና ባለሙያ፦

«ንድፍ ይቅደም» ያሉትን ማዕዘን ከሌላ አቅጣጫ እደግፈዋለሁ። ጎንደር ውስጥ ስንማር ዓይናችን ፋሲል ግቢ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ተማሪዎችም በተደጋጋሚ እዚያው ገብተው በእጃቸው መሥራት ይፈልጋሉ። ይህ ሊሆን አይገባም። በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ መለማመጃ አይደለም። ከግቢው ውጭ ግን የአካባቢውን ጥቁር ድንጋይ በኖራ እያያያዙ የሰው ቁመት የሚያህል የመለማመጃ ግንብ መሥራት ይቻላል፤ ይገባልም።

ኖራን የምመርጥበት ምክንያት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ተጠግነው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ መመለስን ጠይቋል። ሲሚንቶ ጠንካራና ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ በግንቡ ውስጥ ያለው እርጥበት በመጋጠሚያው መውጣት ያቅተውና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚፈረፈረው ድንጋዩ ራሱ ነው። በተለይ በበሮችና በመስኮቶች ዙሪያ ለጌጥ የገባው ቀይ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። የኖራ መጋጠሚያ ግን ከድንጋዩ የደከመ በመሆኑ እርጥበቱን ያሳልፋል፤ ሲያረጅም እሱ ተፍቆ ይተካል፣ ድንጋዩ ይቀራል።

ነገር ግን ኖራ ችኩል ሰው አይወድም። የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ነው። በበጋ ፀሐይ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፣ ውሃም ይረጭበታል፤ በቶሎ የደረቀ ኖራ በጣት ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ይህን ተማሪው በንግግር ሲሰማው አይገባውም፤ አንዱን ረድፍ ሸፍኖ፣ አንዱን ረድፍ ሳይሸፍን ትቶ፣ ከወር በኋላ ሁለቱንም በምስማር ሲፍቃቸው ግን ለዘላለም አይረሳውም። ለውጤትም ይመቻል፤ የመምህርን ክረምት ሳይጠብቅ ይለካል።

ርዕሰ መምህርት፦

ውይይቱን በደስታ ተከታትየዋለሁ። እኔ የምጽፈው ተቀባይ ሆኜ ነው፤ ተማሪዎች ከሠሩላቸው ትምህርት ቤቶች አንዱን ነው የምመራው።

ወጣቶቹ ሲመጡ ግቢያችን ደመቀ፣ ልጆቻችንም ተደሰቱ፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ይሁንና የተሠራልን የተቀባ የንባብ ወንበርና መጠለያ ሲሆን፣ እኛ ስንቸገር የኖርነው በውሃ ነበር። ከተማዋ ውሃ የምታገኝበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መምጣቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቧንቧችን ሲቋረጥ መጸዳጃ ቤቱ ይዘጋል፣ በዚህ ከሁሉ በላይ የሚቸገሩት ትልልቆቹ ሴት ልጆች ናቸው። ማንም ሳይጠይቀን ሥዕሉ ተሠርቶ መጣ። መጠለያው ካለቀ በኋላም አንድ ወረቀት አልቀረልንም፤ ቆርቆሮው በነፋስ ሲነሣ የትኛውን ምስማር እንደምንገዛ የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ውጤቱ ሰኔም ይሰጥ ጥቅምት፣ ከሠሪዎቹ የምለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ከመንደፋቸው በፊት መምህራኑንና ልጃገረዶቹን ይጠይቁ፤ ሲጨርሱ ሥዕሉንና የዕቃውን ዝርዝር በአማርኛ ጽፈው ያስረክቡን፤ ለአንድ ዓመት የሚጠራ አንድ ኃላፊ ይመድቡልን። ማዕዘን ብቻ ሠርቶ ማፍረስ ይሻላል ለተባለው ግን፣ በበኩሌ ወጣቶቹ ባይመጡ ይጎድልብኛል። ልጆቻችን ሴት ኢንጂነር ግድግዳ ስትገነባ ያዩት በእነሱ ምክንያት ነው።

ጥላና ብርሃን፦

እትዬ፣ ስለ ውሃው ያሉት ለተማሪ ፕሮጀክት እጅግ የሚመች ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያዎ 120 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,400 ሊትር ይወርዳል፤ አምስተኛው በርጭትና በፍሳሽ ቢባክን እንኳ 1,900 ሊትር ያህል ይቀራል። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ በሦስት እንዲህ ዓይነት ዝናቦች ይሞላል። ችግሩ መሙላቱ ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ ማዝለቁ ነው፤ ሮቶው ዝናብ በሌለባቸው ረጅም ወራት ለመጸዳጃ ቤቱ ብቻ ስንት ሳምንት እንደሚበቃ ከልጃገረዶቹ ጋር ተቀምጦ ማስላት የንድፉ ዋና ሥራ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ወደ ውጭ የሚፈስበት ማስወገጃ አይርሱ።

የስቱዲዮ መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤን የለወጠው የአራተኛ ዓመት ተማሪዋና የግንበኛው ጋሼ አስተያየት ነው። ውጤትን እስከ ጥቅምት መያዝ ተማሪውን ያጉላላል፤ ስለዚህ ምርመራውና ጥገናው የተከታዩ ቡድን የመጀመሪያ ሥራ ቢሆን እስማማለሁ። ይህ ግን ሠሪውን ቡድን ነፃ አያወጣውም፤ ሰኔ ላይ ሲያስረክብ ክረምቱ የቱን ክፍል አስቀድሞ ይጎዳዋል ብሎ እንደሚያስብ በጽሑፍ ያስቀምጥ፣ ተከታዩ ቡድንም ያንን ትንበያ ከደረሰው ጋር ያመሳክር።

«ንድፍ ይቅደም» በሚለው ስም የጻፉልን ባልደረባዬ ስለ አደጋው ያሉት ትክክል ነው፤ የጣሪያውን ሥራ በባለሙያ ማሠራት፣ ተማሪዎቹን ከሰው ቁመት በማይበልጥ ሥራ ላይ ማቆየት ይቻላል። ነገር ግን ማዕዘኑ መጠለያውን ይተካል በሚለው አልስማማም። በማዕዘኑ ላይ ተማሪው ኖራንና ጭቃን ይማራል፤ ርዕሰ መምህርቷ የነገሩንን ግን እዚያ አይማርም፣ ማዕዘን የሚጠቀምበት ሰው የለውምና። ሁለቱም በተከታታይ ይሠሩ፦ ጥቅምት የአለፈው ዓመት ሥራ ምርመራና ጥገና፣ ኅዳር የአፈር ምርጫና የመለማመጃ ማዕዘን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግንባታና ምርጊት፣ መጋቢት ልስን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ለመለካትና ለመጻፍ ይሁን። ንድፉ በኅዳር መጨረሻ እንዲያልቅ ሥራው በጣም ትንሽ መሆን አለበት፤ ትንሽነቱን እንደ ጉድለት አላየውም።

እትዬ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ የእርስዎ ትምህርት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያና መቆሚያው እንዲሆን ለትምህርት ክፍሉ አቀርባለሁ። ጋሼ፣ ሮቶው ሲሞላ አምስት ቶን ስለሚመዝን መቆሚያው በወልካ ላይ እንዴት እንደሚመሠረት ጥቅምት ላይ መጥተው ቢያዩልን፣ ሙያዎ በክፍያ እንጂ በልመና አይሆንም።

ግንበኛ ከአዘዞ፦

እመጣለሁ መምህር። ግን ከዚያ በፊት፣ በዚህ ክረምት ውሃው በግቢው የት እንደሚተኛ እትዬ በችካል ያስመልክቱልን። ወልካው እስከ ስንት ክንድ እንደሚወርድም ከመወሰናችን በፊት አንድ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ተማሪዎቹም ይኑሩ።

ርዕሰ መምህርት፦

ችካሉን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ነሐሴ ላይ ይተክሉታል። የግቢው ቁልፍ ዘበኛው ዘንድ ስለሚቀመጥ በማንኛውም ቀን መግባት ትችላላችሁ።